ቆዳው ከእኛ፣ ናሙናው ከማን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ወቅት፣ ከጎንደር ወደ መተማ ስጓዝ አይከል ላይ ወርጄ ገበያውን ዞርኩ። አይከል የጭልጋ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደጋው ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ትንፋሽ የሚሰበስበው እዚያ ነው። ከገበያው ዳር አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ይጠግናሉ። ወስፌውን ይወጋሉ፣ ጅማቱን ይስባሉ፤ ይወጋሉ፣ ይስባሉ። ከጎናቸው ጨው የተነሰነሰበት የበሬ ቆዳ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

“ቆዳው ስንት ነው አባባ?” አልኳቸው፣ ለወሬ ያህል።

“ዋጋ አለው ብለህ ነው?” አሉኝ ቀና ሳይሉ። “ዱሮ ፋሲካ ሲመጣ ቆዳ ሰብሳቢው ከደጅህ አይጠፋም ነበር። አሁን ውሻ ነው የሚጎትተው።”

ወሬ ወሬን ይወልዳልና የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ የቆዳ ውጤቶች ዲዛይን እንደምትማር አጫወቱኝ። ትምህርት ቤቱና አንዳንድ ፋብሪካዎች ተስማምተው፣ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹን ለተወሰኑ ወራት ውጭ አገር ሊልኩ ነው ተብሏል። እዚያ ፋብሪካና ንግድ ቤት ገብተው ሥራውን ያያሉ። የእሷም ስም ተነሥቷል። ሽማግሌው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

“ይኸውልህ ልጄ” አሉኝ፤ “መስፋቱን እንደሆነ እኔ አለሁላት። ቆዳውም ቢሆን ከዚሁ ነው የሚሄደው። ታዲያ ባሕር ተሻግራ የምትማረው ምን የቀረ ነገር አለ?”

አፌ ላይ የመጣልኝን “ገዢውን ልታይ ነዋ!” አልኳቸው። ያኔ ወስፌያቸውን አቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። ያሉትን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ጥያቄያቸው ያስነሣብኝን አሮጌ ታሪክ እናንሣ፤ ጥያቄው የሽማግሌው ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ ጥያቄው የተጠየቀበትን ቦታ ልብ በሉት። ጭልጋ በጎንደር ዘመን የስናር ነጋዴና የጎንደር ነጋዴ የሚተላለፉባት በር ነበረች። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ አፄ ኢያሱ የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ዘመኑም 1691 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1699) ነበር። በዚህ መንገድ ጥጥና ጨርቅ ይገባል፤ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውም ጭምር ይወጣል። ከዚያ ማዶ ያለው ገዢ ሰሙን ለምን እንደሚፈልገው፣ ቆዳውን ምን አድርጎ በስንት እጥፍ እንደሚሸጠው፣ እዚህ ማዶ ያለው ሻጭ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያ መንገድ ለብዙ ዘመን ዕቃችንን አወጣልን፤ የገዢውን ልብ ግን ይዞልን አልተመለሰም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ “ድሮስ የእኛ ሰው ጥሬ ከመሸጥ ሌላ ምን ያውቅ ነበር?” ይላል። እንዲህ የሚል ሰው አንድ የጎንደር ዘመን የብራና መጽሐፍ ይዞ ሽፋኑን በጣቱ ይዳብስ። እንጨቱን ያለበሰው ቀይ ቆዳ በጋለ ብረት ተደጉሷል። መስቀሉ መካከል ላይ ነው፤ ዙሪያውን ሐረጉ መስመሩን ሳይስት ይዞራል። ደጓሹ ከመጀመሩ በፊት ለክቷል፣ አስቧል፣ መርጧል። ዛሬ “ዲዛይን” የምንለው ይኼንኑ አይደለም እንዴ? ማኅደሩም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብና ፀሐይ ሳይነካው ረጅም መንገድ እንዲጓዝ የታሰበበት የቆዳ ሥራ ነው። ደጓሹ ገዢውን ጠንቅቆ ያውቃል። ገዢው ደብሩ ነው፣ ካህኑ ነው፤ መጽሐፉ የት እንደሚነበብ፣ ማን እንደሚሸከመው ያውቃል። ሥራው ያማረውም ስለዚህ ነው።

የእኛ ችግር ሌላ ነበር። “ፋቂ” የምትለውን ቃል ተመልከቱልኝ። የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ለመጽሐፍ የሚፍቀው “ብራና ፋቂ” ይባላል፤ ሙያው የቤተ ክህነት ነውና ይከበራል። ያንኑ የፍየል ቆዳ በእምቧይ አልፍቶ ለስልቻና ለአቁማዳ የሚያዘጋጀውም ፋቂ ይባላል። ይኼኛው ግን ስድብ ነው። ልጁን አይድሩለትም፣ ማታ ስሙን አይጠሩም፣ ዓይኑን ይፈሩታል። አንድ ፍየል፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ዕጣ! ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ይህንኑ ጽዋ ጠጥተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ እስከማወጅ የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን አዋጅ አንብቦ አያውቅም መሰለኝ፤ ዛሬም በየመንደሩ አለ። የሽማግሌው የወንድም ልጅ አዲስ አበባ ላይ “ዲዛይነር” ናት፤ አይከል ስትመለስ ማን እንደምትባል ግን እሷም እኔም እናውቃለን።

ከውጭ ሰው ሙያ መማርስ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ፈጽሞ አይደለም። እዚያው ጎንደር የቆመው ግንብ ምስክር ነው። አፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ የህንድ ባለሙያ እጅ ነበረበት፤ በዚያ ዘመን በኖራ የመገንባት ጥበብ ከውጭ ሰዎች ጋር ገባ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) ቆረቆሩ። አስተማሪው ሄደ ተብሎ ግንባታው ቆመ? አልቆመም። አፄ ዮሐንስ፣ ከዚያም አዲያም ሰገድ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ እያሉ በየተራ ሠሩ። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ያሠሩት ከፋሲል መቶ ዓመት ያህል ቆይተው ነው። ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት፣ እንጨቱን የገጠሙት የአገር ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ስማቸው የታወቀ ነው።

ይህ ሙያ ለምን ሥር ሰደደ? ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ሥራ ነበረዋ! አንዱ ንጉሥ ሲያልፍ ሌላው “ለእኔም አዳራሽ” ይላል። ግንበኛው ከአባቱ የተማረውን የሚያውልበት ደጃፍ፣ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ገዢም ነበረው። ቆይቶም ከመጣው ናሙና እየወጣ የራሱን ቅርጽ አበጀ። “የጎንደር ኪነ ሕንፃ” የሚባለው ነገር እንዲህ ተወለደ።

ሁለተኛው ታሪካችን ግን ሌላ መልክ አለው። አፄ ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ናቸው፤ ለጭልጋ ጎረቤት ማለት ነው። የንጉሡ ትልቁ ረሃብ የእጅ ሙያ ነበር። በ1855 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1862) ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያና መሣሪያ አስጠየቁ። ባለሙያዎቹ ተቀጥረው እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ በእስረኞቹ ጉዳይ ስምምነት በመጥፋቱ ከዚያው ተመለሱ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ግን ሥራው ቀድሞ ተጀምሯል። ሊሰብኩ የመጡት አውሮፓውያን በንጉሡ ትእዛዝ ብረት አቅላጭ ሆነው ነበር። የአገር ወጣቶችም ከጎናቸው ቆመው ወናፉን እየነፉ፣ አፈሩን እየቀረጹ ተማሩ። ትምህርት ቤቱ ፋብሪካው ነበር፤ ፋብሪካውም ትምህርት ቤቱ። ዛሬ “የኢንዱስትሪና የዩኒቨርሲቲ ትስስር” እያልን በየስብሰባው የምናነሣው ነገር ጋፋት ላይ ያለ ስብሰባ ተሠርቷል።

ውጤቱ ሴባስቶፖል ነው፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ሕዝብ እየጎተተው መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ። ፈረንጆቹ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ጋፋትም ባዶ ሆነ። እነዚያ ወናፍ ሲነፉ የነበሩ ልጆችስ? ያወቁትን የሚያውሉበት ሁለተኛ ደጃፍ አልነበራቸውም። የሥራው ገዢ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ገዢው ሲሞት ሙያውም ሞተ። ጎንደር ላይ አስተማሪው ሄዶ ሙያው ቀረ፤ ጋፋት ላይ አስተማሪውም ሙያውም አብረው ሄዱ። ልዩነቱ በልጆቹ ጭንቅላት አልነበረም፤ በሚጠብቃቸው ሥራ ነበር።

ሦስተኛውን ለማየት ወደ ባሕር ዳር እንውረድ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተቋቋመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ ከሚያስተምራቸው ሙያዎችም አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም የዚያ ዘር ነው። ትምህርት ቤትና ፋብሪካ በአንድ ከተማ ጎረቤት መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ዓላማ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ፣ ሲሰበር የሚጠግን ቴክኒሻን ማውጣት ነበር። ተማሪው የማሽኑን ሆድ ዕቃ እንዲያውቅ ይፈለግ ነበር፤ ጨርቁን የሚለብሰውን ሰው እንዲያውቅ ግን ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ቆዳችን እንመለስ። ከብታችን በአፍሪካ በብዛቱ አንደኛ ነው ሲባል እየሰማን አደግን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። መንግሥት ጥሬ መላክ ይብቃ ብሎ በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት የሚባለውን፣ ለማለቅ ጥቂት የቀረውን ቆዳ ጨመረበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቆዳውን ጫማ አድርጋችሁ ላኩት ነው። ግን ጫማ በቀረጥ አይሰፋም፤ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ከሁለት የህንድ ተቋማት ጋር “መንታ” እንዲሆን ተደረገ። አንዱ በቼናይ የሚገኘው ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም፣ ሁለተኛው የጫማ ዲዛይንና ልማት ተቋም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በትምህርቱ በኩል ገባበት። ህንዳውያን ባለሙያዎች ወደዚህ መጡ፤ የእኛም ልጆች ለትምህርትና ለሥልጠና ወደዚያ ሄዱ። ከደንቀዝ ዘመን አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ህንድ እንደገና አስተማሪያችን ሆነች ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ ዱከም ላይ ሥራ ሊጀምር ሲል ከ80 በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለሥልጠና ጓንግዶንግ ወሰደ። ተመልሰው የሌሎች አሠልጣኝ ሆኑ። ይህን መናቅ ነውር ነው። ሰዓት ማክበርን፣ አንድ ሺህኛው ጫማ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን እንዳለበት እዚያ አይተዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ከእነሱ ጋር አልተመለሰም። ያ ጫማ አሜሪካ ውስጥ በሌላ ስም የሚሸጥ ነበርና ተረከዙ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ቀለሙ ምን ይምሰል፣ ለማን ይሸጥ የሚለው ውሳኔ የሚወጣው ከዱከም አልነበረም። እጃችን ሠለጠነ፤ ናሙናው ግን ከሌላ ሰው ኪስ ነበር የሚወጣው።

ናሙናው በሌላ ኪስ ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመጣ በልብስ ስፌቱ አይተነዋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ አደረገ! በ2014 ዓ.ም. ግን ጦርነቱ ባመጣው መዘዝ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ አስወጣች። ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ከዚያ ቀደም ብሎ ሐዋሳ ላይ የነበረውን ፋብሪካውን ዘግቶ ሄዷል። ልብሱን የነደፈው እሱ ነውና ንድፉን ጠቅልሎ ለመሄድ አንድ ሻንጣ በቂው ነው። እኛ ጋ የቀረው ሼዱና የሰለጠነው እጅ ነው። ጋፋትን አያስታውሳችሁም?

አሁን ለሽማግሌው ጥያቄ በደንብ ልመልስ።

የወንድማቸው ልጅ ባሕር ተሻግራ ልትማር የሚገባት መስፋትን አይደለም። አንድ ነጋዴ ናሙና ሲቀርብለት አገላብጦ አይቶ ለምን “አልፈልግም” እንደሚል ነው። ሚያዝያ ላይ የሚሸጥ ጫማ ከዓመት በፊት እንደሚታሰብ ትየው። ፎርማው ለእኛ እግር የተቀረጸ ከሆነ የሌላው አገር ሰው እግር እንደማይገባበት፣ ዕቃው በሳምንት ቢዘገይ ገዢው “ይቅርብኝ” እንደሚል ትየው። አንድ ቦርሳ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለበት ዋጋ ውስጥ ለቆዳው፣ ለሰፊው፣ ለመርከቡ፣ ለኪራዩ ስንት ስንት እንደሚደርስ ቁጭ ብላ ታስላው። ይህን መጽሐፍ አያስተምርም። ያ ነጋዴ ባለበት ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

ግማሹ ትምህርት ግን እዚያ የለም፤ እዚህ ገበያ ዳር ተቀምጦ ኮርቻ ይጠግናል። የጭልጋ በሬ ቆዳ ላይ የአለንጋው ምልክት፣ የእሾሁ ጭረት፣ የመዥገሩ ንክሻ፣ የበጉ ቆዳ ላይ ደግሞ እከክ የተወው ነጠብጣብ የት የት እንደሚሆን ያንን ቆዳ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆርጥ የኖረ ሰው በዳሰሳ ያውቀዋል። የውጭው ዲዛይነር ይህን ቆዳ ሲያይ “ጥራት የለውም” ብሎ ዋጋውን ይቆርጠዋል። ቆዳውንም ገዢውንም የምታውቅ ልጅ ግን ጠባሳውን ሸሽቶ የሚቆረጥ ትንሽ ቅርጽ ትነድፋለች፤ ወይም ጠባሳውን ራሱን ጌጥ ታደርገዋለች። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ሁለቱን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ይቻላል ወይ የሚል ካለ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የተጀመረውን ሶል ሬብልስን ያስብ። ቤተልሔም ጥላሁን ያነሣችው ቅርጽ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከጎማ የሚሠራው፣ ስንቃለድበት የኖርነው በረባሶ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። እሷ ግን የውጭው ገዢ ምን እንደሚፈልግ አጥንታ፣ ስሙን የራሷ አድርጋ ታይዋን ድረስ ሱቅ ከፈተች። ናሙናው በእኛ ኪስ ሲሆን ገዢ ቢሄድ ሌላ ገዢ ይፈለጋል እንጂ ሙያው አይሄድም።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ሲባል ልጆቹን አውሮፕላን ላይ መስቀል ብቻ በቂ ነው ማለቴ አይደለም። “ይሄዱና ይቀራሉ” የሚለው ስጋት እውነት ነው። ግን የሚቀሩት ስለከዱን ብቻ ነው? ውጭ የተማረ ልጅ ሲመለስ ያየውን የሚነድፍበት ጠረጴዛ ከሌለ፣ ናሙናውን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለ ፋብሪካ ከሌለ፣ “የፋቂ ልጅ” የሚለው ሹክሹክታም ከጠበቀው፣ እኛው ነን መልሰን የሰደድነው። የጎንደር ግንበኛ ያላገሩ አልቀረም፤ የሚቀጥለው ንጉሥ አዳራሽ ይፈልግ ነበርና። እንግዲህ ትምህርት ቤቱና ፋብሪካው ሲፈራረሙ፣ ውሉ ልጅቱ ስለምትሄድበት ቀን ብቻ ሳይሆን ስለምትመለስበትም ቀን መናገር አለበት። ማን ይቀበላታል? ምን ታሠራላችሁ? የመጀመሪያ ናሙናዋ ቢበላሽ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጣት ማነው?

ሽማግሌው ያሉኝን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። “ገዢውን ልታይ ነዋ!” ስላቸው ወስፌያቸውን ቆዳው ላይ እንደተተከለ ተዉትና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

“ደግ ነው፤ ትየው” አሉ። “ገዢውን አይታ ስትመጣስ፣ እኛን ታየን ይሆን?”

ከዚያ መልሰው ወጉ፤ ሳቡ።